ጥፋተኛ ያጣ ሲንቄ

ሰው ስለ ሚስቱ ወር አበባ አይጽፍም ይላሉ። ይበሉ። ይህን የሚሉት ወንዶች የሚስቶቻቸውን ወር ከእኔ እኩል ያውቃሉ። በሙስሊም ቤት ይህ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም፤ መስገጃው ይናገራል። ሴት በወሯ ጊዜ አትሰግድም። መስገጃዋ ተጠቅልሎ ጥግ ከቆመ ባል ያያል፣ ዝም ይላል። ተመልሶ ሲነጠፍ ያያል፣ አሁንም ዝም ይላል። እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ እያየሁ ዝም ስል ኖርኩ። ጠይቅ ያለኝ አልነበረም።

ሮቤ ውስጥ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከሽማግሌ ጋር ተደባልቄ፣ እጄ ቆዳ ቆዳ እየሸተተ። ፊደሉን ለይቼ ጋዜጣ ማንበብ ስጀምር መንግሥት ተለወጠና የቢሮው ጽሑፍ ሁሉ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ሆነ። እንደገና መሃይም አደረጉኝ። የገዛ ቋንቋዬን በማላውቀው ፊደል ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ እንደ በግ አየሁት። ኦሮሞ ሆነህ ለምን በአማርኛ ትጽፋለህ የሚለኝ አይጠፋም። በእጄ ያለችው ይቺ ናት፤ በእሷው እጽፋለሁ።

ሚስቴ ግላስ ትሰፋ ነበር። ግላስ ፈረሱን ከኮርቻው ጋር የሚያለብሱት፣ በቀይና በቢጫ ክር የሚጠለፍ ጨርቅ ነው። እኔ ቆዳውንና እንጨቱን እይዛለሁ፣ እሷ ጨርቁን። ከዲንሾ፣ ከጎሮ የሚመጣው ፈረሰኛ የእኔን ኮርቻ ብሎ ሳይሆን የእሷን ግላስ ብሎ ነው የሚመጣው። ይህን መናገር ደስ አይለኝም፣ ግን እውነት ነው።

ባጃጅ ሮቤ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ የመጨረሻዋ ልጃችን ተድራ ከሄደች በኋላ፣ መስገጃው መላ አጣ። ወር አልፎ ወር ሲመጣ አይነሳም፤ ተነጥፎ ይከርማል። ከዚያ ድንገት ይጠቀለልና ሳምንታት ጥግ ቆሞ ይቀራል። ሚስቴም አብራ መላ አጣች። የጥቅምት ብርድ ከሰኔቲ ተራራ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ቡሉኮ ውስጥ ሲገባ፣ እሷ ሻሿን ገፍፋ ጓሮ ትቆማለች። ገለባው ላይ አመዳይ ተጋግሮ እሷ አንገቷን ታራግባለች። እንቅልፍ የላትም። ክር ተወሳሰበብኝ ብላ ታለቅሳለች። ለፈረስ የታዘዘውን ግላስ በበቅሎ ልክ ቆረጠችው፤ እድሜዋን ሙሉ የሠራችውን።

በእኔም ላይ መጣች።

«ስትተነፍስ ይሰማኛል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ወስፌዬን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ።

«ታዲያ ልሙት?»

«አትሙት። ውጪ ተንፍስ!»

ይሄ ይሁን፣ እኔም ጥሩ አፍ የለኝም። ያስፈራኝ ሌላው ነው። አንድ ጠዋት ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መርፌ ሳታነሳ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ለምን ነቃሁ እላለሁ» አለች። በቁጣ አይደለም። ክር አለቀ እንደሚባለው ነው ያለችው። ሻይ ጠጪ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ ገበያ ስወጣ ሥራ እንደረሳ ሰው ሁለት ሦስቴ እየተመለስኩ አያት ነበር። ሴትዮዋ ከእጄ ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እስከ ዛሬ የፈራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

በዚህ መሐል እህቴ መጣች። እህቴ ታናሼ ናት፤ አፏ ግን ታላቄ ነው። ገብታ ሳትቀመጥ ጥግ የቆመውን መስገጃ አየች።

«ሳትሰግድ ስንት ቀኗ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ኧረ ታውቃለህ! ባለፈው ስመጣም እዚያው ነበር። ወንድምዬ፣ ይህ የሴት ወር አይደለም። ወር እንዲህ አይረዝምም። ሰላት የሚከለክል ጅን ነው የያዛት። አታለቅስም? አትጮህም? ብርድ ውስጥ ራቁቷን አትቆምም?»

«ራቁቷን አይደለም፣ ሻሿን ነው ያወለቀችው።»

«ዛሬ ሻሽ፣ ነገ ቀሚስ!»

ሚስቴ ደሙ እንዳልቆመላት ለእህቴ አትነግራትም። ለእህቴ የተነገረ ለሮቤ ገበያ የተነገረ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ዝምታዋም ለእህቴ ሌላ ማስረጃ ሆነላት።

ቁርኣን እየቀራ ጅን ያስወጣል የተባለ ሰው አመጣች። የመስጊዳችን ኢማም አልነበረም፣ ከጊኒር በኩል የሚመጣ፣ የሚዞር ሰው ነው። ሚስቴን መሬት አስቀምጦ ጋቢ አለበሳት፤ በላዩ ቡሉኮ ጫነበት፤ ጅን ሙቀት አይችልም አለ። ከዚያ መቅራት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ቀላ። ፊቷ ላይ ላብ ተንቆረቆረ።

«አያችሁ! እየተቃጠለ ነው!»

«አላሁ አክበር!» አለች እህቴ።

ሚስቴ ቡሉኮውን አሽቀንጥራ ጣለችና ተነፈሰች።

«ወጣ!» አለ ሰውዬው።

በመስኮቱ መስተዋት የሚያዩት ጎረቤቶች «ወጣ» ተባባሉ። ከአስር ሰላት በኋላ ደግሞ አንገቷ ቀላ፣ ላብ መጣ። «ተመለሰ» ተባለ፤ ቡሉኮውም ተመለሰ። እንዲህ ስንት ቀን! ያ ጅን ከጎባ ሚኒባስ በላይ ተመላለሰ። ሰውዬው ሲሄድ ትእዛዝ ተወልን፦ ከቤት አትውጣ፣ ከሰው ጋር አትቀመጥ፣ መርፌ አትንካ፣ ቡሉኮው አይነሳላት። መስኮቱን ለብርድ ብዬ አስቀድሜ እንዳይከፈት በሚስማር መትቼው ነበር፤ «ደግ አደረግህ» አለኝ።

አመንኩ? አላመንኩም። አባረርኩት? አላባረርኩትም። ሌላ ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ሐኪም ቤት ውሰዳት ያለኝ የለም። ጎረቤቱ በመስኮት ለማየት ጊዜ ነበረው፣ ለመምከር ግን አፉ ተሰፍቶ ነበር።

ሚስቴ በመጨረሻ መናገር ተወች። ክር ተወሳሰበ ብላ እንኳ አታለቅስም። ቡሉኮው ሥር ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች።

አንድ ጠዋት ከሱቄ ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። ወጥቼ ሳይ ሚስቴ ከግድግዳ ላይ ሲንቄዋን አውርዳ መንገድ ላይ ቆማለች።

ሲንቄ ቀጭን በትር ነው። ልጅ ስታገባ እናቷ ትሰጣታለች፤ እስክትሞት የእሷ ነው። ባል ሚስቱን ቢመታ፣ ቢያዋርድ፣ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮሃለች። የሰማች ባለትዳር ሁሉ ሥራዋን ጥላ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ መምጣት አለባት። ሄደው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌ መጥቶ ጥፋተኛውን እስኪያስክስ ወደ ቤት አይመለሱም። የሃይማኖት ሰዎች ይህን አይወዱትም፣ ከተማውም ወደ መርሳቱ ነበር። በእኛ ሰፈር ሲንቄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ሆኗል ብዬ ነበር የማስበው።

ተሳስቼ ኖሯል። እጇ ሊጥ የሆነች ወጣች። የወተት ጮጮዋን እንዳንጠለጠለች የወጣች አለች። ጎረቤታችን የቢሮ ሠራተኛ ሚስት ናት፣ ክርስቲያን፣ ሲንቄ የሚባል የላትም፤ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። እህቴ ራሷ፣ ማን እንደጮኸ ሳታጣራ፣ ሲንቄዋን እያወዛወዘች ከላይ ሰፈር በሩጫ ወረደች። ሁሉም ሚስቴን መሐል አድርገው ወደ ሻያ ወንዝ ሄዱ።

ባሎች ደግሞ ወደ እኔ መጡ።

«ማል ታቴ? ምን አደረግሃት?»

«ምንም።»

«ምንም ያልተደረገች ሴት ወንዝ ዳር ምን ትሠራለች?»

«እሷን ጠይቃት።»

«ሕፃኑ በእጄ ላይ ነው፣ ላሟ አልታለበችም፤ አንተ ደግሞ ምንም ትለኛለህ! ሂድና ከእግሯ ውደቅ!»

ሦስት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ልመና እርጥብ ሣር ይዘው ሄዱ። እኔ መቅረብ አይፈቀድልኝም፤ ከኋላቸው ሄጄ ከወንዙ ዳር ጉብታ ሥር ተቀመጥኩ። የሚባለው ሁሉ ይሰማኝ ነበር። በሴቶቹ ስም የምትናገረው አንዲት ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ነበረች፤ ሁሉም አዮ ይሏታል፣ እናት ማለት ነው። ሚስቴን ጠየቀቻት።

«መታሽ?»

«አልመታኝም፣ አዮ።»

«ሰደበሽ?»

«ይሳደባል። ግን እሱ ሰውን ሁሉ ይሰድባል።»

ሳቁ። እኔ ሥር ሆኜ አልሳቅኩም።

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም። እሱ ምንም አያደርግም።» ከዚህ በላይ ልትናገር አይደለም ብዬ ነበር። «ሙቀት ነው፣ አዮ። ከውስጤ ይነሳል። እንቅልፍ የለኝም። ደሙ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ አይቆምም። ሁሉ ነገር ያስለቅሰኛል። መኖሬ ለምን እንደሆነ ጠፋኝ። ጅን አለብሽ ተብዬ ቡሉኮ ተጭኖብኝ ከረምኩ። ማን ጋ ልጩህ? ሲንቄ ያለ ጥፋተኛ እንደማይነሳ አውቃለሁ። ሌላ የምይዘው አጣሁ።»

ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ።

«ቡሉኮ? በዚህ ሙቀት ላይ ቡሉኮ?»

አሁን የሳቁት እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ከሳቁ በኋላ አንዷ፣ «እኔ ከላሞቹ ጋር በረት ውስጥ ከረምኩ፤ ባሌ ጠላችኝ ብሎ ሌላ አገባ» አለች። ሌላዋ፣ «እኔ ውሻ ሲጮህ አብሬው አለቅስ ነበር፣ ወላሂ!» አለች። ጃንጥላ የያዘችው ጎረቤታችን፣ «እኔን ጠበል ወሰዱኝ» አለች። «በረዶ የመሰለ ውሃ አፈሰሱብኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጋኔኑ ለቀቀሽ ሲሉኝ ገና ነው፣ ጨምሩ አልኳቸው።» በሳቅ ተንከባለሉ። አሮጊቷም ተናገረች፤ የእሷን እዚህ አልጽፈውም፣ ልጇን ምነው ባልወለድኩት ያለችበት ቀን ነበረበት።

እነዚህ ሴቶች እድሜ ልካቸውን አንድ ወንዝ ውሃ ሲቀዱ፣ ለቅሶ አብረው ሲቀመጡ የኖሩ ናቸው። ይህን ግን አንዷ ለሌላዋ ነግራ አታውቅም። እኛ ወንዶቹ ብቻ ነን ዝምተኞቹ ብዬ ነበር።

ፀሐይ ሲያዘነብል ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። ሲንቄ ወጥቷል፤ ያለ ካሳ መግባት አይችልም። ካሳ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

«እንግዲህ ይህ የአላህ ሥራ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እንዲያ ከሆነ አላህን አናስክስም» አለች አሮጊቷ። «የቀራባት ሰውዬ የት ነው?»

«ሄዷል። ጊኒር ነው።»

«ያመጣችውስ?»

ሁሉም ዞረው እህቴን አዩ። እህቴ ሲንቄዋን ቀሚሷ ሥር ልትደብቅ ትታገላለች።

«ይቺ ከእኛ ጋር ወጥታለች። ሲንቄ የያዘች ሴት ካሳ አትክስም» አለች አሮጊቷ። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ይፍረዱ። ማን ቀረ?»

እኔ ቀረሁ። በግ አረድኩ። ያልመታሁ፣ በአዋጅ ያልሰደብኩ ሰው፣ ሌላ ሰው ስለጠፋ ብቻ ተፈረደብኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ከበጉ በልተዋል።

በጉ አልበቃቸውም፤ ትእዛዝ ጨመሩ። የመስኮቱ ሚስማር ይነቀል። ቡሉኮው ለእኔ ይሁን። ቃሪ የሚባል ደጃፉን እንዳይረግጥ። ጎባ ሐኪም ቤት ትሂድ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያው ማግስት፣ ሴቶቹ ከእሷ ጋር ሱቄ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እኔ እወጣለሁ።

«የገዛ ሱቄን?» አልኩ።

«ወይ ሱቁን፣ ወይ ሚስትህን» አለች አሮጊቷ።

ጎባ የሄድነው ጃንጥላ ይዛ ከወጣችው ጎረቤታችን ጋር ነው። ሁለቱ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ከፍተው ተቀመጡ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በብርድ ጮኸባቸው። ሐኪሟ ሴት ነበረች። መርምራ፣ ማረጥ የጀመረች ሴት እንዲህ ትሆናለች፣ እብደት አይደለም አለች፤ ሳምንታት የሚፈስ ደም ግን ዝም እንደማይባል ተናግራ ሌላ ምርመራ አዘዘች፣ ደሟ ስላነሰም ኪኒን ሰጠቻት። ሚስቴ ከነገረቻት በኋላም ለምን ነቃሁ የሚለው ሐሳብ አሁንም አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አለ። ወንዝ ዳር ከዋልን ወዲህ ግን ትንሽ ቀለለኝ።»

«ከበረታብሽ ብቻሽን አትቀመጪ። ለሰው ንገሪ፣ ያኔውኑም ነይ። ለዚህም ሕክምና አለው።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ምን እላለሁ፣ በግ ከፍያለሁ።»

ሚስቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሐኪሟ አልገባትም፣ እኔም አላስረዳኋትም።

አንድ ቀን ተነስታ ዳነች ብዬ አልዋሽም። ዓመታት ወሰደ። ግላስ ሰፍታ ጨርሳ እንደገና የፈታችበት ወር ነበር። አንድ ክረምት እንደ ድሮው ዝም አለች፤ ያኔ ሴቶቹ ቀናቸውን አልጠበቁም፣ በዝናብ ውስጥ ጭቃ እያቦኩ መጥተው ከበቧት፤ ከመካከላቸው አንዷ ይዛት ጎባ ተመለሰች። ሱቁ ውስጥ የተለየ ነገር ሲያደርጉ አላየሁም። ጥጥ ያባዝታሉ፣ ይሰፋሉ፣ ያሙኛል። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ውጪ ሆኜ እሰማለሁ።

«ዛሬ ስነቃ ለምን ነቃሁ አላልኩም» አለች ሚስቴ አንድ ቀን።

«እኔ ዛሬ አልኩ» አለች ሌላ ድምፅ።

«እንግዲያ ነይ፣ እዚህ አጠገቤ። ያቺን ክር ያዢልኝ።»

ከዚያ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ሄደ።

አሁን መስገጃው ሁልጊዜ ተነጥፎ ነው። ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ በአፌ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ጠዋት «ሃዳ ኢጆሌ፣ እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ፤ የልጆች እናት ማለት ነው። ጠይቄም እጠብቃለሁ። አንዳንዴ መልሱ ረጅም ነው፣ ሥራ ያስፈታል።

ባለፈው ዓመት በሴቶቹ ቀን ኮርቻዬን ለማንሳት ስገባ እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ አንገቷን ታራግባለች፣ ትግባ አትግባ ተቸግራለች። ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት።

«ቃሪው ጊኒር ነው» አልኳት። «ላስጠራልሽ? ቡሉኮውም አለ።»

«አፍህ ይቆረጥ!» አለችና እንባዋ መጣ። እህቴ ስታለቅስ ሳይ አባታችን ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሚስቴ ግላሱን ከጭኗ አንስታ ከመስኮቱ ሥር ተጠጋች፣ ቦታ ለቀቀች።

«ነይ ግቢ፣ እዚህ ጋ ነፋስ አለ» አለቻት። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። «አንተ ደግሞ ውጪ ተንፍስ።»

ኮርቻዬን ይዤ ወጣሁና ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ከሰኔቲ የሚወርደው ነፋስ ጣቴን አደንዝዞት ወስፌው አልያዝ አለኝ። ለእህቴ ብለው በሩን ክፍት ተዉት።